«ነበርኩ»፦ የሞላ ስታዲየም ትዝታ እንደ ታሪክ ምንጭ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ በታሪክ ትምህርት ክፍል እምብዛም የማይነሣ ነው። ስለ እግር ኳስ ነው፤ ሆኖም ስለ ተጫዋቾቹ ብዙ አልናገርም። የምናገረው ስለ ተመልካቹ ነው። አንድ አዛውንት «ያን ዕለት ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ እኔም ነበርኩ» ሲሉን ለታሪክ ጸሐፊ የሚሰጡት ምንድን ነው? እንደ ማስረጃ እንመዝግበው? ወይስ እንደ ቡና ላይ ጨዋታ ሰምተን እንለፈው? እንደ ማስረጃ ልንመዘግበው ይገባል ብዬ እከራከራለሁ። ነገር ግን የምን ማስረጃ እንደ ሆነ አስቀድመን ማወቅ አለብን።

በቁጥር የሚታወስ ሕዝብ

በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ስታዲየሞች ከብዙዎቹ ከተሞች ስታዲየሞች ይበልጣሉ። እዚያ «ፉትቦል» የሚባለው በእጅ የሚያዘው የሞላላ ኳስ ጨዋታ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም በይፋ የሚይዘው 107,601 ሰው ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መስከረም 7 ቀን 2013 ከኖትር ዴም ጋር በተደረገው ግጥሚያ 115,109 ተመልካች እንደ ገባበት ተመዝግቧል። እዚያ የነበረ ሰው ሲያረጅ ለልጅ ልጁ የሚነግረው ቁጥር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ድረስ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ትዝታውን ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ይችላል።

መዝገብ ባለበት አገር እንኳ ቁጥር ሁልጊዜ አያስተማምንም። በ1923 እ.ኤ.አ. በለንደን የዌምብሌይ ስታዲየም ሲመረቅ በይፋ የተመዘገበው ተመልካች 126,047 ነበር። ይሁን እንጂ ያለ ትኬት አጥሩን ዘልሎ የገባው ሕዝብ ሜዳውን ራሱን ሞልቶት ነበርና የኋላ ግምቶች ከ200 ሺህ በላይ ይደርሳሉ። እንግሊዞች ያን ዕለት የሚያስታውሱት በቁጥሩ አይደለም፤ ሕዝቡን ከሜዳው ገፍቶ ባስወጣው አንድ ፈረሰኛ ፖሊስና በነጩ ፈረስ ነው። የጨዋታው ስም እስከ ዛሬ «የነጭ ፈረስ ፍጻሜ» ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ትዝታውን ብቻ ነው። ስለ ታላላቅ የአዲስ አበባ ስታዲየም ግጥሚያዎች የሚነገሩን የተመልካች ቁጥሮች በሺህ የተጠጋጉ ናቸው። ሰው አንድ በአንድ ሲቆጠር በሦስት ዜሮ አያልቅም፤ በሦስት ዜሮ የሚያልቅ ቁጥር የዓይን ግምት ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪ እንግዳ አይደለም። የዐድዋን ሠራዊት ወደ 100 ሺህ ስንል የምንናገረው እንዲህ ያለውን ቁጥር ነው። ማንም ስም እየጠራ አልቆጠራቸውም፤ ቢሆንም ቁጥሩ ከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ቋንቋችንን ልብ እንበል። አማርኛ ብዙ ሰውን ሲገልጽ ጭንቅላት አይቆጥርም፤ የቀረውን ክፍት ቦታ ይለካል። «ጠጠር ቢወረወር መሬት አይወድቅም» እንላለን። «ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር» እንላለን። መለኪያው ዕቃው ነው፤ ዕቃው ከሞላ ሞልቷል፣ ከፈሰሰ ፈስሷል። ስለዚህ አዛውንቱ «ሞልቶ ፈሰሰ» ሲሉ ለቁጥር ጥያቄያችን መልስ እየሰጡን አይደለም። ስለ ሌላ ነገር እየመሰከሩ ነው። ያ ሌላ ነገር ምንድን ነው? በሦስት ግጥሚያዎች ልሞክረው።

እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1954

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተካሄደ። የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ «የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ» ትባል የነበረችው ግብፅ። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። በፍጻሜውም ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ መጀመሪያ በተክሌ ኪዳኔ፣ ኋላም መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት በአምበሉ በሉቺያኖ ቫሳሎ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ። 4 ለ 2። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሰጡት። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያገኘችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዕለቱን በዘመን መቁጠሪያ ላይ እንየው። እሑድ ነው። ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ ከቃና ዘገሊላ ማግስት ነው። ከተማይቱ ለበዓል የመጣ እንግዳ ይዛለች፤ የበዓል ልብስ ገና ከሳጥን አልተመለሰም። ስታዲየሙ ለመሙላቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከጃን ሜዳ የተመለሰ ሕዝብ ወደ ስታዲየም መሄዱ የአንድ በዓል ቀጣይ እንጂ ሌላ ጉዞ አልነበረም።

ፖለቲካውንም እንጨምርበት። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ካለፈ ገና አንድ ዓመት ከወር ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ንጉሡ ባሉበት፣ በአንድ ድምፅ የጮኸበት ቀን ነው። ያ ጩኸት ለዙፋኑ ነበር? ያነጋገርኳቸው አዛውንቶች በዚህ ጥያቄ ፈገግ ይላሉ። ስለ ንጉሡ ሲጠየቁ «አዎን፣ ነበሩ» ብለው ያልፉታል፤ ስለ መንግሥቱ ወርቁ ሲጠየቁ ግን ይነሡና በእግራቸው ያሳያሉ። በትዝታቸው ውስጥ ክቡር ትሪቡኑ ጠባብ፣ ሜዳው ሰፊ ነው። በዘመኑ የተጻፉ ይፋዊ ዘገባዎችን ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ሚዛን አያገኘውም።

ሌላም ነገር አለ። ቫሳሎዎቹ የአሥመራ ልጆች ነበሩ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ ኅዳር 1955፣ የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ። ሉቺያኖ በደርግ ዘመን አገሩን ለቅቆ ወጣ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በሮም ዐረፈ። የዚያ እሑድ ታዳሚ ትዝታ ዛሬ የሁለት አገር ሰዎች ንብረት ነው። አዛውንቶቹ ግን እስከ ዛሬ «የእኛ ልጆች» ነው የሚሏቸው።

ከግንቡ ውጭ የነበረ ምስክር

አሁን ወደ ትውልድ አገሬ ልውሰዳችሁ። ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት አልፎ በደሴ መንገድ ላይ ያለች፣ በወንዟ ስም የምትጠራ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ በመካከሉ የጣርማ በር ዋሻና የደብረ ሲና ቁልቁለት አለ። የስታዲየም ትዝታ የሚፈለግባት ቦታ አትመስልም። እኔ ግን የቃል ታሪክ ስሰበስብ ከሁሉ ያስተማረኝን ምስክር ያገኘሁት እዚያው ነው።

እኒህ አባት በወጣትነታቸው በደሴ መስመር በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። በ1954 ጥምቀት መኪናው አዲስ አበባ ቆሞ እሳቸውም እዚያው ዋሉ። «ስታዲየም ነበርኩ» አሉኝ። «አባባ፣ በየትኛው በር ገቡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በር? በየት በኩል ልገባ፤ ሳንቲም የለኝ! ከግንቡ ውጭ ቆሜ ነዋ።»

«ታዲያ ጨዋታውን እንዴት አዩት?»

«ልጄ፣ አላየሁም፤ ነበርኩ እንጂ።»

ከዚያም ጨዋታውን በድምፅ ነገሩኝ። መጀመሪያ ስታዲየሙ ዝም አለ። ከዚያ ጮኸ። ጩኸቱ ሳይበርድ እንደ ገና ዝም አለ። ከዚያ ጮኸ፤ «ግንቡ የሚናድ መሰለኝ»። ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ጮኸ፤ እንደ ገና ጮኸ። ሁለት ዝምታ፣ አራት ጩኸት።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ከውጤቱ ጋር አስተያዩት። ዝምታ፣ ጩኸት፣ ዝምታ፣ ጩኸት፤ 0 ለ 1፣ 1 ለ 1፣ 1 ለ 2፣ 2 ለ 2። ረጅሙ ቆይታ የመደበኛው ሰዓት ማለቅና የተጨማሪው መጀመር ነው። ሁለቱ የመጨረሻ ጩኸቶች የኢታሎና የመንግሥቱ ናቸው። ቅደም ተከተሉ አልተዛነፈም።

ጥንቁቅ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይጠራጠራል፤ ደግም ያደርጋል። የግቦቹ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ ኋላ ከሰው ሰምተው ሊሆን ይችላል። ምስክርነቱን የሚያጸናልኝ ሌላው ዝርዝር ነው፦ መኪናው ለምን እንደ ቆመ፣ ዕለቱ ከጥምቀት በስንተኛው ቀን እንደ ነበረ፣ ሳንቲም አለመያዛቸው። በሐሰት የሚመሰክር ሰው ራሱን ክቡር ትሪቡን ያስቀምጣል እንጂ ከግንብ ውጭ አያቆምም። ትዝታ ባለቤቱን ሲያሳንሰው እኔ ይበልጥ አምነዋለሁ።

እኒህን ሰው ማን ቆጠራቸው? ትኬት ቢቆጠር የሉም። ወንበር ቢቆጠር የሉም። የሚሺጋን ዓይነት መዝገብ ቢኖረን ኖሮ እንኳ አይገቡበትም ነበር። ሆኖም የዚያ ቀን ታዳሚ ናቸው። «ሞልቶ ፈሰሰ» የሚለው አነጋገር የሚመሰክረው ስለ እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ስለ ፈሰሰው።

በሬዲዮ የሞላ ስታዲየም

ሁለተኛው ግጥሚያ ታኅሣሥ 1980 በአዲስ አበባ የተደረገው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ኢትዮጵያና ዚምባብዌ 1 ለ 1 ተለያይተው ኢትዮጵያ በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፈች። በዚያ ዘመን የእግር ኳስ ድምፅ ማለት ደምሴ ዳምጤ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፤ የሰማሁት ጀውሃ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ማሽላ የታጨደበት ወቅት ነበርና ከማሳ የተመለሰ ሁሉ ያቺን አንዲት ሬዲዮ ከብቦ ቆሟል። ውስጥ የገባው ለውጪው፣ ውጪ ያለው ለመንገደኛው እያቀበለ ወሬው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አርጎባውም አማራውም ኦሮሞውም እንደ ገበያ ቀን ተቀላቅሎ ቆሟል። ከተናጋሪው ድምፅ በስተ ጀርባ የሚሰማው የሕዝብ ጩኸት አንዳንዴ ቃሉን ይውጠው ነበር። ያን ጊዜ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ቃሉ ሳይሰማ ጩኸቱ ብቻ ነገሩን ይነግረናልና። ያ ከግንብ ውጭ የቆመው ረዳት የሰማውን ድምፅ እኛም ከ26 ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ሰማነው።

ዛሬ በዚያ ሻይ ቤት ከነበሩት አንዳንዶቹ «ስታዲየም ነበርን» ይላሉ። ውሸት ነው? በአካል ከሆነ ነው። የታሪክ ምሁር ግን እዚህ ላይ ፈጥኖ «ስህተት» ብሎ መሰረዝ የለበትም። በአካል የነበረ፣ በጆሮ የነበረ፣ ከአባቱ ሰምቶ በትዝታ የወረሰ፤ ሦስቱም «ነበርኩ» ይላሉ። ሥራችን ሦስቱን መለየት ነው፤ ሦስቱንም መመዝገብ ነው። ሬዲዮ ስታዲየሙን ምን ያህል እንዳሰፋው የምናውቀው በሁለተኛዎቹ ምስክርነት ብቻ ነው።

የስታዲየሙ ክፍሎች ስም ራሱ በሬዲዮና በወሬ ተጉዞ ቆላ ደርሷል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ። ስታዲየሙን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች እነዚህን ስሞች እንደ ሰፈራቸው ይጠሯቸዋል። ስሞቹን እንደ ሰነድ እናንብባቸው። «ካታንጋ» የኮንጎ ግዛት ስም ነው፤ በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር የዘመተ የኢትዮጵያ ጦር ያን ጊዜ ኮንጎ ነበረ። «ከማን አንሼ» የሚለው ስም የመቀመጫ ዋጋ የክብር ደረጃ እንደ ነበረ ይናገራል። «ጥላ ፎቅ» ደግሞ ጥላ ያለውና የሌለው ተለይቶ ይቀመጥ እንደ ነበር ያስረዳል። «ሞልቶ ነበር» ስንል ሁሉም እኩል ተጨናንቆ ነበር ማለታችን አይደለም፤ የፀሐዩ ወገን ነው የሚጨናነቀው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሊሎንግዌ

ሦስተኛው ለእናንተም ቅርብ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ እሑድ፣ ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡ። በኦምዱርማን 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለ ነበር ሁለት ግብ ያለ ምላሽ ያስፈልገን ነበር፤ በትክክል ሁለት ሆነ። በዓመቱም በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን፤ ጥቅምት 2006 ደግሞ በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ለእነዚህ ጨዋታዎች ትኬት ፍለጋ ሌሊቱን በሰልፍ ያደረ ብዙ ነው። ከእናንተም መካከል በታላቅ ወንድማችሁ ትከሻ ላይ ሆናችሁ ያያችሁ አትጠፉም።

ከዚያስ? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መመዘኛውን አያሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ በባዕድ አገር ማድረግ ጀመረ። ኅዳር 2014 ጋናን ያስተናገድነው በጆሃንስበርግ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ደግሞ በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ።

ልብ በሉ፤ ባላጋራዋ ያቺው ግብፅ ናት። ከ1954 እስከ 2014 ስድሳ ዓመት ነው። በሁለቱም አሸንፈናል። በመጀመሪያው ሳንቲም ያልነበረው የመኪና ረዳት ከግንብ ውጭ ቆሞ ግቦቹን በጩኸት ቆጥሯል። በሁለተኛው በሊሎንግዌ ግንብ ሥር ቆሞ የሚያዳምጥ የጀውሃ ልጅ አልነበረም። ድሉ በመዝገብ አለ፤ ውጤቱ በአኃዝ ተጽፏል፤ «ነበርኩ» የሚል ግን እንደ ልብ አይገኝም። ከ1954ቱ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥር አጥተን ምስክር ሞልቶን ነበር፤ አሁን ቁጥሩ ሁሉ በእጅ ስልካችን አለ፣ ምስክሩ ግን ጎድሎናል።

ይህን የምለው ለኳስ ብዬ ብቻ አይደለም። አንድ አገር ሕዝቧ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ በአንድ ነገር የሚደሰትባቸው አጋጣሚዎች ጥቂት ናቸው። በቅርብ ዓመታት የይፋት ቆላ ሰው ሲሰበሰብ አብዛኛውን ጊዜ ለቀብር ወይም ለስደት ነበር። ስለዚህ አዛውንቶቹ ስለ ሞላው ስታዲየም ሲያወሩ ስለ ስፖርት ብቻ የሚያወሩ መስሎ አይሰማኝም። ማን ከማን አጠገብ ያለ ሥጋት እንደ ቆመ እየነገሩን ነው።

ምን እንጠይቅ?

በመጨረሻ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልበል። በ1954 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ነው። ጊዜው አጭር ነው። ስትሄዱ «ስንት ሰው ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የምታገኙት ዙር ቁጥር ነው። እነዚህን ጠይቁ፦ በየት በኩል ገቡ? ለትኬቱ ምን ከፈሉ፣ ካልከፈሉስ እንዴት ሆነ? ከጎንዎ የቆመው ማን ነበር? ፀሐይ ወይስ ጥላ? ምሳ ምን በሉ? እንዴት ወደ ቤት ተመለሱ? ለማን ነገሩት? «ነበርኩ» የሚለው ቃል በአካል፣ በጆሮ ወይስ በውርስ መሆኑ የሚለየው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ከቤተሰቡ ማን እንዳልሄደም ጠይቁ። እስካሁን የሰበሰብኳቸው ምስክርነቶች ከሞላ ጎደል የወንዶች ናቸው፤ ያ እሑድ በእናቶችና በእኅቶች ዘንድ እንዴት እንዳለፈ ገና አልተጻፈም።

ያገኛችሁትንም መልስ ከዘመን መቁጠሪያው፣ ከጋዜጣው፣ ከመንገዱና ከአውቶቡሱ ጋር አስተያዩ። የተጣጣመውን ጻፉ፤ ያልተጣጣመውንም አትጣሉ፤ ለምን እንዳልተጣጣመ ጻፉ። የስታዲየሙ ግንብ ሊፈርስና እንደ ገና ሊሠራ ይችላል፤ መቀመጫውም ሊለወጥ ይችላል። ከግንቡ ውጭ ቆመው ያዳመጡትን ግን ማንም መሐንዲስ አይመልስልንም።

 ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ «ነበርኩ» የምትሉ ካላችሁ ግን ቅድሚያ ለእናንተ ነው።